ስለ ጭነት መኪና ማደሪያና ስለ ጐረቤት ዕንቅልፍ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የማነሣው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ከሊቃውንት ፊት ሊቀርብ የማይገባው፣ ለቀበሌ ጸሓፊ የሚተው ተራ ጕዳይ ይመስላል። ይኸውም የንግድ መኪና በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሊያድር ይገባዋልን ወይስ አይገባውም የሚለው ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ደጋግሜ ባሰብሁት ጊዜ ከሥሩ የቈየ ጥያቄ አገኘሁበት። ሰው በገዛ ደጁ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? አንዱ እንጀራውን ፍለጋ ሲወጣና ሲገባ የሌላውን ዕረፍት ቢነካ፣ የትኛው ለየትኛው ይልቀቅ? ይህንንም የምጽፈው ከዳር ሆኖ እንደሚፈርድ ሰው አይደለም፤ እኔ ራሴ ከከሳሾቹ አንዱ ነበርሁና።

የምኖረው በጂማ ከተማ፣ መርካቶ ከሚባለው ገበያ በስተጀርባ፣ ሁለት መኪና ጐን ለጐን በማያሳልፍ መንገድ ዳር ነው። ጥንት ገበያው ሂርማታ ይባል ነበረ፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነጋዴ ከየአገሩ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰብበት፣ ከጅሬን ኮረብታ ቤተ መንግሥቱ ቍልቍል የሚያየው ታላቅ ገበያ ነበረ። መርካቶ የሚለው ቃል ግን የኢጣልያ ነው፤ ከወራሪው ጋራ መጥቶ፣ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉ ቀረ። ብቻውንም አልቀረም፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ታርጋ የሚሉት ሁሉ የእርሱ ወንድሞች ናቸው። በዚህ አገር ደግሞ ጎማ ማለት አጋሮ ያለችበት የቡና አገር ስም ነው፤ የጥንት መንግሥትም ነበረ። እንግዲህ ቡናው ከጎማ ተነሥቶ በጎማ ላይ ይመጣል ማለት ነው። ሳንደክም ያገኘነው ሰምና ወርቅ ይኸው ነውና ለቅኔ ቤት ልጆች ትቼላቸው ወደ ነገሬ እመለሳለሁ።

በዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ሲመጣ የሚያድርበት ሜዳ ይፈልግ ነበረ። በቅሎ ሣርና ውኃ ትሻለችና፣ በሰው ደጅ ላሳድራት ቢል እንኳ አይመቸውም። መኪና ግን ሣር አይበላም፤ ውኃ አይጠማውም፤ ስለዚህ የትም ቢያድር ማንንም የሚጐዳ አይመስልም። ጕዳቱ የሚታየው ሌሊት ሲነሣ ነው።

በሌሊት የሚነሣበትን ምክንያት ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። የቡና ለቀማ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ቀዩ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ለቃሚው ቀን ይለቅማል፤ መኪናው ማታ ከየመሰብሰቢያው ያነሣል፤ የማጠቢያው ጣቢያም ሌሊት ይፈለፍላል። በአልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቀው ጀንፈል እንደ እሸቱ ባያስቸኵልም፣ በኬሻ ሆኖ ወደ ከተማ ሲመጣ እርሱም የራሱ ወረፋ አለው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በጂማም ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ናሙና እየወሰደ፣ እያስቀመሰ፣ ደረጃ ያወጣል፤ መኪናው ተራው እስኪደርስ መቆሙ አይቀርም። ከሊሙም ይምጣ ከጌራ፣ ከማናም ይምጣ ከሰቃ፣ ነጂው በሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቢገባና በዘጠኝ ሰዓት ቢወጣ ከክፋቱ ሳይሆን ከቡናው ጠባይ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ክሳችንም ከንቱ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የለቀማ ወራት አንድ አይሱዙ ከአጥሬ ሥር ማደር ጀመረ። ነጂው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ቤቱ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሌሊት ሲነሣ ሞተሩን እስኪሞቅ ድረስ ያስጮኸዋል፤ የመስኮቴ መስተዋት ይንቀጠቀጣል፤ ጢሱም በበሩ ሥር ይገባል። የጐርፉ ቦይ ክዳን በክብደቱ ተሰበረ፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ውኃው ወደ አንዲት መበለት ግቢ ዞረ። ይህን ሁሉ ታግሠን ሳለን ከሰፈራችን ሰው ሞተ። እድርተኛው አስከሬኑን ይዞ ሲወጣ ቃሬዛው በመኪናውና በአጥሩ መካከል አላልፍ አለ፤ ተሸካሚዎቹም አዘንብለው፣ በጐኑ አሳለፉት። ነጂው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ተኝቶ ነበረና አልሰማም። የሟች ልጅ የመኪናውን ጐን በመዳፉ ሲመታ አየሁት፤ ድምፁ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ከሣልስቱ በኋላ ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ ቀለም ታውቃለህ ተብዬ። 17 አባወራና እማወራ ፈረሙበት። ከፈራሚዎቹ መካከል ኀዘን ያስፈረመው ነበረ፤ ዕንቅልፍ ማጣት ያስፈረመው ነበረ፤ እውነቱን ልናገርና ቅናት ያስፈረመውም ነበረ። አንዱስ የገዛ ቡናውን በዚያው መኪና ሲያስጭን ያየሁት ሰው ነው፤ ኬሻው ሲጫንለት መኪናው መልካም ነበረ፣ በሰፈሩ ሲያድር ግን ክፉ ሆነበት። መልሱም ሳይዘገይ በሳምንቱ መጣ፤ መኪናው በ3 ቀን ውስጥ ከሰፈሩ ይነሣ የሚል ነበረ።

ቀኑ ሊያልቅ ሲል ማታ ነጂው ወደ ቤቴ መጣ። አስቀመጥሁት፤ ባለቤቴም ቡና አፈላች። እርሱ ሙስሊም ነው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቡና ግን አብረን ስንጠጣ ዐሥር ዓመት አልፎናል።

«የኔታ» አለኝ፤ «ወረቀቱን እርስዎ እንደ ጻፉት ሰምቻለሁ። አልተቀየምሁም። ቃሬዛው የታገደ ዕለት እኔም አፍሬአለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ መኪናው የት ይደር?»

«እርሱንማ ባለቤቱ ይወቅ» አልሁት።

«ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው። ከመኪናው አንድ ዕቃ ቢጠፋ ከደመወዝህ ይቈረጣል ብሎኛል። ከከተማው ዳር ባሳድረው ባትሪውን ይፈቱታል፤ ናፍጣውን ይቀዱታል። ወደ ሰፈር ያመጣሁት ለድሎት አይደለም፤ በመስኮቴ እያየሁት ልተኛ ብዬ ነው። ድምፁ እንዲህ ማስጨነቁን ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ፣ መንገዱ ቍልቍለት ነውና ፍሬኑን ለቅቄ እታች ወርጄ አስነሣው ነበረ። ማንም አልነገረኝም።» ጥቂት ዝም ብሎም «ደግሞ የኔታ፣ የእናንተ ማኅሌት፣ የእኛም አዛን በድምፅ ማጉያ ሌሊት ይሰማል፤ ሰው ሁሉ ይታገሣል። እኔንስ ለምን አትታገሡኝም?» አለኝ።

ጸሎት ለሁሉ ነው አልሁት። እርሱም «ቡናውስ ለማን ነው?» ብሎ ሲኒውን አስቀመጠ።

ይህ ንግግር ሁለት ነገር ገለጠብኝ። አንደኛው፣ ከመጻፋችን በፊት ማንኳኳት ይገባን እንደ ነበረ ነው። ወንጌል ከወንድም ጋራ ያለን ጠብ ብቻ ለብቻ ከመነጋገር ጀምሩት ብላ ታዝዛለች፤ እኛ ግን ከፊቱ ያለውን መንገድ ተሻግረን አንዲት ቃል ሳንነግረው ማኅተም ወዳለበት ቤት ሄድን። ወረቀት ሲበዛ ጕርብትና ይቀንሳል መሰለኝ። ሁለተኛው ስለ ድምፅ ማጉያው ነው። ካህናት ወንድሞቼ አይቈጡኝና፣ ቀድሞ ማኅሌት በድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ሰሎሞንም በምሳሌው በማለዳ በታላቅ ድምፅ የሚሰጥን ምርቃት ከእርግማን ጋራ ቈጥሮታል። ጸሎቱና ጭነቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ ጆሮው ድምፁን ሲሰማ፣ ይህ ከጸሎት ቤት ነው፣ ይህ ከሞተር ነው ብሎ አይመርጥም። የሌላውን ጩኸት በልክ ይሁን የሚል ሰው የራሱንም በዚያው ልክ ለመለካት ካልፈቀደ፣ የሚሻው ፍርድን ሳይሆን ማሸነፍን ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ ደጅ የሚለውን ቃል ሳሰላስል ሰነበትሁ። በአማርኛችን ደጅ በር ማለት ነው፤ ደጅ ደግሞ ውጭ ማለት ነው። አንዱ ቃል የቤቱን መዝጊያና ከመዝጊያው ወዲያ ያለውን ዓለም አብሮ ይጠራል። ስለዚህ «በደጄ» ስንል የምንናገረው ስለ ገዛ ቤታችን ይሁን ወይስ ስለ ሕዝብ መንገድ ቃሉ አይለይልንም፤ እኛም ሳይታወቀን ከበር ጀምረን እስከ መንገዱ ማዶ ርስት እናደርገዋለን። እኔ ደግሞ ደጅን ያወቅሁት ከውጭ ነው። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ አኩፋዳዬን አንግቼ በየሰው ደጅ ቆሜ ቍራሽ ለምኛለሁ፤ ውሻ ነክሶኛል፤ በዝናብ ከሰው ጠፈጠፍ ሥር አድሬአለሁ። ከደጄ ሂድ ያለኝ ነበረ፤ ዝም ብሎ ያሳደረኝም ነበረ። ዛሬ የቤት ባለቤት በሆንሁ ጊዜ ከደጄ ሂድ የሚለውን ቃል እኔ ጻፍሁት፤ ያውም ማኅተም እንዲመታበት።

ርኅራኄ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም፤ ቃሬዛው በእውነት ታግዷልና። ስለዚህ ወደ ሕግ እንሂድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቍጥር ባለ ንብረት ጐረቤቱን እንዳያውክ፤ ጢስና ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ ከመልካም ጕርብትና ልክ በላይ እንዳያወጣ ይከለክላል። ልክ ማለቱን አስተውሉ፤ ፈጽሞ ድምፅ አይሰማ አላለም። ልኩንም በቍጥር አልወሰነውም፤ የአገሩን ልማድና የቦታውን ጠባይ ተመልከቱ ብሎ ለዳኛው ኅሊና ተወው። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ የፈረንሳይ ሊቅ ናቸው፤ ይህን ስፍራ ሳነበው ግን የአገር ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የተናገረው ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለ መሬት ባለቤት ነው፤ መንገድ የሕዝብ ነው፤ መኪናም መሬት አይደለም። ሚዛኑ ግን ለሁሉም ይሠራል።

በዚህ ሚዛን ክሳችንን ብመዝነው አንድ አልሆነልኝም። ቃሬዛ ማገድና ቦይ መስበር ያለ ክርክር በደል ነው፤ ለቡናም ሲባል፣ ለማንም እንጀራ ሲባል አይፈቀድም። የሞተሩ ጩኸት ግን የልክ ጕዳይ ነው። በለቀማ ወራት የሚታገሡትን በክረምት አለመታገሥ ይቻላል፤ ሞተርን ለግማሽ ሰዓት ማስጮህና ለአምስት ደቂቃ ማስጮህም እኩል አይደለም። ከዚህ የተረፈው፣ መኪናው ሰፈራችንን የጫኝና አውራጅ ሰፈር አስመሰለው የሚለው፣ ከነጭራሹ በደል አይባልም፤ ኵራት ነው። የምናስቀድስባት ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ቆርቆሮ የመጣው በጭነት መኪና ላይ ነው፤ የሰፈሩም ሰው ግማሹ በቡና ያድራል። እኛ ግን በደሉንም፣ የልክ ጕዳዩንም፣ ኵራቱንም በአንድ ወረቀት ጠቅልለን አንድ ፍርድ ለመንን፤ የተሰጠንም አንድ ፍርድ ብቻ ነው።

ሌላም ስሕተት አለብን። ኦሪት ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላ ሰው በሬ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዛለች፤ የሚከፍለው የጕድጓዱ ባለቤት እንጂ በዚያ የሚያልፈው እረኛ አይደለም። ያችው ኦሪት ደግሞ የሰውን ወፍጮ በመያዣ መውሰድን ከልክላለች፤ ሰው የሚኖርበትን መውሰድ ነፍሱን መውሰድ ነውና። እኛ የነጂውን ወፍጮ ከደጁ አስነሣን፤ የጕድጓዱን ባለቤት ግን ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ ተውነው። የጭነቱን ዋጋ የሚቀበለው፣ መኪናው የት ያድራል ሳይል ቍልፉን ለነጂ የሚሰጠው፣ ራሱ ግን የሞተሩ ድምፅ በማይደርስበት ቤት የሚተኛው እርሱ ነው። ማመልከቻዬ ውስጥ ስለ እርሱ አንድ መስመር የለም።

ሕግ አውጪዎችም በዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ተሰናክለዋል። ከጌታ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ ዩልዮስ ቄሣር በሮም ከተማ፣ ከጥቂት ሥራ በቀር፣ ጋሪ ከፀሐይ መውጫ እስከ ዐሥረኛው ሰዓት እንዳይዘዋወር ከለከለ። የቀኑ መንገድ ሰፋ፤ ጋሪው ግን አልጠፋም፤ ሌሊት መጣ። ከመቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዩቬናል የተባለው የሮም ባለ ቅኔ የጋሪው ድምፅ ደሃውን ዕንቅልፍ እንደ ነሣው በቅኔው አማረረ፤ ሰፊ ግቢ ያለው ሀብታም ግን ይተኛ ነበረ። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር ከባድ የጭነት መኪና ቀን ቀን በከተማው እንዳይዘዋወር ሰዓት ገደበ። ምክንያቱ መንገድ እንዳይጨናነቅ ነበረ፤ መልካም ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ቀን የተከለከለ ጭነት ሌሊት ይራገፋል፤ ሰዓቱ እስኪደርስ የሚጠብቅ መኪናም አንድ ስፍራ መቆሙ አይቀርም፤ ያም ስፍራ የአንድ ሰው ደጅ ነው።

አይሱዙ የተፈለሰፈበት አገር፣ ጃፓን፣ በ1954 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ነገሩን ከሌላ ወገን ያዘችው። መኪና የሚገዛ ሰው ከመንገድ ውጭ፣ ከቤቱ ባልራቀ ስፍራ፣ ማሳደሪያ እንዳለው ከፖሊስ ምስክር ወረቀት እንዲያመጣ አዘዘች። ጥያቄው ለነጂው ሌሊት ሳይሆን ለባለቤቱ በግዢው ቀን ይቀርባል ማለት ነው። መኪናው በመርከብ ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ሕግ ግን እዚያው ወደብ ላይ ቀረ። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። አንድ ሜዳ ለማጠር፣ መብራት ለመስቀልና ሁለት ዘበኛ ለማቆም በየሌሊቱ ከእያንዳንዱ መኪና ባለቤት የሚሰበሰበው ጥቂት ብር የሚበቃ ይመስለኛል፤ ባይበቃ እንኳ በቡናው የሚያተርፉት ሌሎች ብዙ ናቸው።

ነጂው በታዘዘው ቀን መኪናውን ወሰደ። ዕንቅልፋችን ተመለሰ፤ እኔም ስለ ነገሩ ማሰብ ተውሁ።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ለኪዳን ከከተማው ዳር ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በአንድ ባዶ ሜዳ ጥግ መኪናውን አየሁት፤ ታርጋውን በማመልከቻው ላይ ጽፌው ነበረና ዐወቅሁት። ከጋቢናው ረዳቱ ወረደ። እናቱ ከቤቴ አራት ቤት ዝቅ ብላ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ እኔም ፊደል ያስቈጠርሁት ልጅ ነው። መኪናው በሰፈር ሲያድር እርሱም በእናቱ ቤት ያድር ነበረ፤ አሁን ባትሪው እንዳይሰረቅ ሌሊቱን ሁሉ እርሱ ይጠብቃል። በትከሻው ላይ ባዶ ኬሻ ጣል አድርጓል፤ ዝናቡም ይዘንባል። ቀረብ ብሎ ጕልበቴን ስሞ «የኔታ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና አደርሁ» አልሁት። ልማዳችን መልሶ መጠየቅ ነው፤ እኔ ግን አልጠየቅሁትም።

በሐምሌ መጀመሪያ ሌላ ማመልከቻ ጻፍሁ። የታጠረ ማደሪያ ይሰጥ፤ ኪራዩንና የዘበኛውን ደመወዝ ባለ መኪኖቹ ይክፈሉ፤ በለቀማ ወራት ለማራገፍ ወደ ሰፈር የሚገባው መኪና መተላለፊያ ሳይዘጋ ይግባ፤ ማደሪያው እስኪገኝ ድረስ ረዳት በጋቢና እንዳያድር ባለቤቱ ዘበኛ ያቁም የሚል ነው። ይዤውም ቤት ለቤት ዞርሁ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከፈረሙት ከ17ቱ 6ቱ ፈረሙ። የቀሩት «መኪናው ሄዶልናል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ምን ቤታችን ነው?» አሉኝ። የሟች ልጅ ፈረመ። ቡናውን ያስጭን የነበረው አልፈረመም። ነጂውም የሰፈሩ ነዋሪ ነውና ሰባተኛ ሆኖ ፈረመ፤ ከፊርማው በታች የባለ መኪናውን ስም ጻፈልኝ። ለመጀመሪያው ወረቀት መልሱ የመጣው በሳምንት ነበረ። ለሁለተኛው ገና እየጠበቅን ሳለ ሌላ የለቀማ ወራት ገባ።